ስለ 3 ሚሊ ሜትር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ

ለክቡር የቢሮው ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የማነሣው ጉዳይ ሰገራን የሚመለከት ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። እኛ አገር ሰው ስለ ልቡና ስለ ኩላሊቱ በአደባባይ ያወራል፤ ስለ አንጀቱ ሲሆን ግን አንገቱን ይደፋል። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁትም ለዚሁ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንጀቴ ታጠፈ። በሽታው በእኛ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ ያላየ የጎጃም ነርስ ያለ አይመስለኝም። የታጠፈው ክፍል ሞቶ ስለነበር ተቆርጦ ወጣ። የቀረውን ጫፍ ሐኪሞቹ በሆዴ ግራ በኩል አወጡት። ኮሎስቶሚ ይሉታል። ሰገራዬ የሚወጣው በዚያ ነው፤ የሚጠራቀመውም ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ነው። ሕይወቴን ያተረፉትን ሐኪሞች እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ችግሩ የመጣው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ከሆስፒታል ስወጣ ጥቂት ከረጢት በፌስታል ተደርጎ ተሰጠኝ። ከረጢቱ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ክብ ማጣበቂያ አለው። መሀሉን በመቀስ ትቆርጡታላችሁ፤ አንጀቱ በዚያ ቀዳዳ ይወጣል። «በልኩ ቁረጠው፤ ሲሞላ ትቀይረዋለህ» ተባልሁ። ልኩ ስንት እንደሆነ፣ በምን እንደሚለካ የነገረኝ የለም። ነርሷ ብቻዋን ነበረች፤ በር ላይ የቆመው ሰው ደግሞ ብዙ። አልፈርድባትም። እኔም አልጠየቅሁም። መምህር ሆኖ አለመጠየቅ!

እንዳይጠብበኝ ብዬ በዓይን ግምት ሰፋ አድርጌ ቆረጥሁት። በሁለተኛው ሳምንት ዙሪያውን ያሳክከኝ ጀመር። በሦስተኛው ቆዳዬ ተልጦ ጥሬ ሥጋ መሰለ። ውኃ ሲነካው በርበሬ የተነሰነሰበት ያህል ያንገበግባል፤ ያውም የቡሬ በርበሬ። እናቴ አይታ አለቀሰች። ከዚያም ለጋ ቅቤ አምጥታ ቀባችኝ። ጎረቤት እሬት ይዞ መጣ። ሁሉም ለደግ ብለው ነው። ቅቤ በተቀባ ቆዳ ላይ ግን ምንም ነገር አይጣበቅም። አንድ ቀን አስረኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ከረጢቱ ተገንጥሎ ወደቀ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ አንድም የሳቀ የለም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ከቤት አልወጣሁም። ቅዳሴም ቀረ፤ ዕድርም ቀረ።

«ማጣበቂያው አልተስማማህም» የሚለኝ ሰው በዛ። እኔም አመንሁ። የነበረኝን ጥዬ ሌላ ዓይነት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ብሩ አለቀ፤ ቁስሉ ባሰ። ቆይቶ ለሌላ ጉዳይ በሄድሁበት ከተማ አንዲት ነርስ አገኘሁ። ሆዴን አየችና ምንም ሳትል አንድ ካርቶን ቀድዳ ለካችኝ። «ወንድሜ፣ ያንተ አንጀት እኮ ከስቷል፤ ቀዳዳህ ግን ያው የድሮው ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቶማው፣ ማለትም የወጣው የአንጀት ጫፍ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያብጣል። ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ከስቶማው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው መስፋት ያለበት። ከዚያ ከሰፋ ሰገራው በባዶው ቆዳ ላይ ይተኛል። ከጠበበ ደግሞ ጠርዙ ስቶማውን ይጎዳዋል። ስቶማው ሕመም ስለማይሰማው ባለቤቱ ቶሎ ላያውቅ ይችላል።

ነርሷ ያስተማረችኝን ሁሉ ብጽፍ ደብዳቤው አያልቅም። አንዱን ግን ልንገርዎት፤ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነውና። ቅላቱ የት እንዳለ እይ አለችኝ። ስቶማውን ከቦ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የሚያፈሰው ሰገራ ነው፤ መፍትሔው መቀስ ነው። ቅላቱ ልክ የማጣበቂያውን ቅርጽ ይዞ ከወጣና ካሳከከ፣ ያን ጊዜ ማጣበቂያውን መጠርጠርና ዓይነቱን መቀየር ነው። ዙሪያውን ትናንሽ ሽፍታዎች ከተበተኑበት ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም አይቶ የፈንገስ መድኃኒት ያዝለታል። ማጣበቂያውን እንደ ቁስል ፕላስተር ላጥ አድርጎ የሚያነሣ ሰው ደግሞ ቆዳውን አብሮ ይልጠዋል። በአንድ እጅ ቆዳውን ተጭነህ ያዝ፣ በሌላው ቀስ እያልህ ከላይ ወደ ታች አንሣ። እኔ ዘመዶቼ ባሉኝ መሠረት ሁሉንም ማጣበቂያው ላይ ነበር የጣልሁት። ጥፋቱ የገዛ መቀሴ ነበር።

ቀሪው ቀላል ነው። ቆዳውን በለብታ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ፣ ቅባት ያለውን ሳሙና መተው፣ ደርቆ እስኪያልቅ መታገሥ። የተላጠ ቦታ ካለ የስቶማ ዱቄት፣ ማለትም እርጥበት የሚመጥ የቆዳ ዱቄት፣ ነስንሶ ትርፉን ማራገፍ። ማጣበቂያውን በመዳፍ ሞቅ አድርጎ መለጠፍና ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መያዝ። «ሲሞላ» የሚለውም ስሕተት ነበር፤ ከረጢቱ ሲሶው ወይም ግማሹ ሲሞላ ነው መደፋት ያለበት፣ ክብደቱ ማጣበቂያውን ይጎትተዋል። በደጀን በኩል ዓባይ በረሃ ሲወረድ ላብ ስለሚያላቅቀው ትርፍ እይዛለሁ። በ10 ቀን ውስጥ ቆዳዬ ተመለሰ። በ10 ቀን! አምስት ወር ሙሉ ያሠቃየኝ ነገር።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ያን ዕለት እዚያው ወንበር ላይ አንድ አባት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የእሳቸው ከቀጭኑ አንጀት የወጣ ነው፤ ኢሊዮስቶሚ። ከቀጭኑ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ኬሚካል ስላለበት ቆዳን ይበላል። እሳቸው ከረጢት አልቆባቸው ፌስታል በመቀነት አስረው መጥተዋል። ከፌስታሉ ሥር ያለውን ቆዳ ልነግርዎ አልፈልግም። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከሰው ለየኝ» አሉኝ። በኋላ ቀና ብለው አላዩኝም።

በፈረንጆቹ 1954 ኤሊሴ ሶረንሰን የምትባል ዴንማርካዊት ነርስ ስቶማ የነበራት እህቷ እንዳያፈስባት ፈርታ ከቤት መውጣት ብታቆም፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት አሰበችላት። ዛሬ የምንለጥፈው የዚያ ልጅ ልጅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኖርማ ጊል የምትባል ሴት፣ ራሷ ኢሊዮስቶሚ ያላት፣ ሐኪሟ ጋር ተቀጥራ ሌሎች ሕሙማንን ማስተማር ጀመረች። ስቶማ ያለበትን ሰው የመንከባከብ ሙያ መነሻ እሷ ናት። ሐኪም አልነበረችም፤ ነርስም አልነበረችም። ይህን የማነሣው የምጠይቀው ነገር ሰማይ መቧጠጥ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

የምጠይቀው በየሆስፒታሉ አንድ ሰው ነው። ስቶማ መለካት፣ ቆዳ ማየት፣ ማስተማር የሠለጠነ አንድ ነርስ። በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ በቂ ነው፤ ግን ቀኑ የታወቀ ይሁን። ከሞጣ ወይም ከቢቸና የሚመጣ ሰው የትኛው ቀን እንደሆነ አውቆ ይምጣ። ሕመምተኛው ከመውጣቱ በፊትም በራሱ እጅ፣ ነርሷ እያየችው፣ አንድ ጊዜ ይቁረጥና ይለጥፍ። ማንበብ ለማይችለው ሥዕል ያለበት አንድ ወረቀት ይሰጠው።

ሁለተኛው አቅርቦት ነው። ከረጢት ሲታዘዝ ዱቄቱና የመለኪያ ካርዱም አብረው ይታዘዙ። መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት እንዳለ እርስዎም ያውቁታል፤ ስለዚህ በዞን ደረጃ መጠባበቂያ ይኑር። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ከኪሴ ገዝቼ እዚህ ደርሻለሁ። እኒያ አባት ከጤፋቸው ላይ ሸጠው ስንት ወር ይገዛሉ?

ነርስ እስኪሠለጥን ደግሞ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት የለኝም። ቢሮዎ ከፈቀደልኝና ሆስፒታሉ አንድ ወንበር ከሰጠኝ፣ ካርቶንና መቀስ ይዤ እመጣለሁ። ሕክምና አልሰጥም፤ መቁረጥ ብቻ አሳያለሁ። መልስዎን በቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉትም አየዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም