ክረምቱ ሳይገባ፦ ለዛፍ ቆራጭ አባሎቻችን

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከረማችሁ?

ክረምቱ ሲቃረብ ሐዋሳ ውስጥ ሥራ ይበዛል። በተለይ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ዋርካ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ጎጆ የሠራበት ቅርንጫፍ አይነካም፤ አሠሪው ቢለማመጥም።

ትልቁን ሞተር መጋዝ ዛፍ ላይ ይዞ መውጣት ይቅርብን። ጉልበት አለው፣ ግን ክንድ ይጨርሳል። እጀታው ከላይ የሆነው ትንሹ ይበቃል። እሱም ቢሆን በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፤ ፎቶ ላይ የሚያምረው የአንድ እጅ ነገር ለፎቶ ይቆይ። ለቀጫጭኑማ የእጅ መጋዝን የሚያህል የለም።

ቤንዚን በግምት የምትቀላቅሉ አላችሁ። መመሪያው 50 ለ1 ካለ፣ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት ነው። ሰንሰለቱን በተቃጠለ የመኪና ዘይት የምታለሰልሱ ደግሞ የዘይት ፓምፑን እየገደላችሁት ነው።

ወፍራም ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ይቆረጥ። ከዚያ ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ከላይ። ቀሪው ጉቶ መጨረሻ ላይ። አለዚያ የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይወርዳል።

ጭነት የሚታሰርበት ናይለን ገመድ ሰው አይሰቀልበትም። የመውጫ ገመድ መግዛት ያሰባችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ፣ የኔን አይታችሁ ትወስናላችሁ። ቡናም አለ።