እህቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብልሽ
እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የግፊቱን ክኒን ሻል ሲልሽ እንደምታቋርጪው እህቴ ነግራኛለች። ተይ እንጂ! ቢሻልም ይዋጣል።

እኛ ደህና ነን። ትንሿ ሁለት ጥርስ አወለቀች። ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አስቸገረችን፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ጣሪያ አለ?

ትልቁ አራተኛ ክፍል ነው። እዚህ ፍራንክፈርት ደግሞ ልጆቹን ከአራተኛ ክፍል በኋላ ይለዩዋቸዋል። ገና በአስር ዓመት! በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው ጊምናዚየም ይባላል። አስተማሪው ጠርታኝ «ይከብደዋል» አለችኝ። ሒሳቡ እኮ ጥሩ ነው። «ቤት ውስጥ ጀርመንኛ ማን ያስጠናዋል?» ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። እኔ ማታ ማታ መጋዘን ነኝ፤ እናቱም ከእኔ አትሻል።

የአንድ ሐበሻ ሐኪም ልጅ ግን ምንም ሳይባል ገባ። የጎረቤታችን የሹፌሩ ልጅ፣ ጀርመን ሆኖ ሳለ፣ እንደኛው ተባለ። ጥናቶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። የወላጅ ትምህርትና ኑሮ ሲታሰብ በስደተኛና በአገሬው ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ ጨርሶ አይጠፋም እንጂ። እኩል ችሎታ ይዘው እንኳ የተማረ ሰው ልጅ ቶሎ ይታመንለታል።

እዚህ ምርጫው የወላጅ ነው። ፎርሙን ይዤ ስቀመጥ ያ ቀን መጣብኝ። የእህቴ አስተማሪ ቅዳሜ ገበያ ድረስ መጥቶ «ሰባተኛን ትቀጥል» ብሎ ሲለምንሽ። አንቺ እንጀራውን እየሸፈንሽ «አንድ ምጣድ ሁለት ተማሪ አይችልም» አልሽው። ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽውም። እኔ ቀጠልኩ፣ እሷ ጭስ ውስጥ ቀረች። ሒሳቤን የምትሠራልኝ ማን ነበረች? እሷ።

አንቺንስ ማን አስተማረሽ? በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረሽ፣ ስምሽን መጻፍ ላይ ስትደርሺ ልጅ መጣ፤ በዚያው ቀረ። አውቃለሁ። ሆዴ ግን ቂም ይዟል። በአንቺ ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን እኔም አጠገብሽ ቆሜ ነበር። «እኔ ልቅር» አላልኩም።

እህቴ፣ ይህችን ዘለሽ እንዳታልፊ። እንዳለች አንብቢላት።

ጊምናዚየም የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ማን እንደሚያስጠናው እግዜር ይወቀው።

እማዬ፣ ማክሰኞ የላኩት ብር ለክኒኑ ነው። ለማኅበር ድግስ እንዳታደርጊው፣ አደራ።

ልጅሽ