ይድረስ ለልጄ፦ ያ ወታደር ጥይት ሲያጎርስ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህም ጉልበት ተሽሏታል።

ባለፈው እሁድ ስትደውል «አባዬ፣ ግሎሪ የሚባለውን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፊልም እየውና ስለ ጠመንጃዎቹ ንገረኝ» ብለኸኝ ነበር። አየሁት። ሁለት ጊዜ አየሁት። የመቅደላን አጭር ፊልም ልትሠራ ማሰብህን ከነገርከኝ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩልህ።

ጠመንጃዎቹ ልክ ናቸው። የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት፣ ያ የጥቁር ወታደሮች ጦር፣ በፈረንጆቹ 1863 የታጠቀው የእንግሊዙን ኤንፊልድ ነው። ፊልሙ ላይም የያዙት እሱን ነው። ረጅም ነው፤ ሰደፉን መሬት ብታስነካው አፈሙዙ ትከሻህ ጋ ይደርሳል። ክብደቱ ከ4 ኪሎ ያልፋል። እንዲህ ልክ የመጣው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ፊልሙ ላይ ከተሰለፉት ብዙዎቹ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው፣ መሣሪያ ይዘው ጦርነቱን በትርኢት የሚያሳዩ ፈቃደኞች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ጠመንጃ ሲይዝ እጁ ያስታውቃል።

እኔ በልጅነቴ በሲኒማ ቤት ያየሁት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሌላ ነበር። ክሊንት ኢስትውድ የሚሠራበት፣ ሦስት ሰዎች የተቀበረ ወርቅ የሚፈልጉበት ፊልም። ዘመኑ 1862 ነው። ዝናራቸው ላይ ግን የመዳብ ቀለህ ያለው ጥይት ተደርድሯል። በዚያ ዓመት የነበረው የኮልት ሽጉጥ በባሩድና በእርሳስ ነበር የሚሞላው፤ ለእያንዳንዷ ቀዳዳ ለየብቻ። ድልድዩንም በዲናሚት ያፈርሱታል። ኖቤል ዲናሚትን ያስመዘገበው በ1867፣ ጦርነቱ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ይህን ማን ያውቃል! አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው። ዛሬም ፊልሙን እወደዋለሁ። ግን እዚያ ውስጥ ጠመንጃ በባሩድ ሲጎርስ ያየሁ አይመስለኝም። ይተኩሳሉ፣ በቃ።

ግሎሪ ውስጥ የያዘኝ አንድ ቦታ ነው። ጎበዝ ተኳሹ ልጅ ኢላማውን መትቶ ጓደኞቹ ሲያጨበጭቡለት ኮሎኔሉ ይመጣል። «አጉርስ» ይለዋል። ከዚያ ሽጉጥ ይዞ ከጆሮው አጠገብ ወደ ሰማይ ይተኩስበት ጀመር። «ፍጠን! ፍጠን!» የልጁን ጣቶች አየሃቸው? የወረቀቱን ጥቅል በጥርሱ ይቀድዳል። ባሩዱን ያፈሳል። እርሳሱን ይከታል። ዘንጉን መዝዞ ይጠቀጥቃል። ከዚያ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ያቺን ትንሽ የመዳብ ቆብ ማስቀመጥ አለበት፤ ጣቱ እምቢ ይለዋል። ጥሩ ወታደር ይህን ሁሉ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ማድረግ ነበረበት። በዚያ ዘመን የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ለእግረኛ ጦር አይሆንም ተብሎ ይመለስ ነበር። ባሩዱ ከንፈር ላይ ይቀራል፤ ጨው ጨው ይላል፤ ያስጠማል። ይህን ካሜራ አያሳይም።

በዚያው በ1863፣ 54ኛው ፊልሙ ላይ ያለውን ምሽግ፣ ፎርት ዋግነርን፣ ከማጥቃቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ የጌቲስበርግ ጦርነት ነበር። ከጦር ሜዳው 27,574 ጠመንጃ ተሰበሰበ። ከዚያ ውስጥ 24,000 ያህሉ ጥይት እንደጎረሰ ነበር። 12,000 ያህሉ ሁለት ጥይት ተደራርቦበት ተገኘ። አንዱ ደግሞ 23። ሰውዬው ይጠቀጥቃል፣ አይተኩስም፤ እንደገና ይጠቀጥቃል። ሳነበው ደንግጬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ለምን መሰለህ? ይህን ነግሬህ አላውቅም። ብሔራዊ ውትድርና በሄድኩበት ጊዜ፣ በመጀመሪያው ውጊያ ቀን፣ ከጎኔ የነበረ ልጅ ክላሹን አነጣጥሮ ምላጩን ይስባል። ይስባል። ይስባል። መጠበቂያውን አልከፈተውም። አጠገቡ ሆኜ እጮህበታለሁ፣ አይሰማኝም። የሚተኩስ ነበር የሚመስለው። በልምምድ ሜዳ ላይ ከሁላችንም ቀድሞ ፈትቶ የሚገጥም ልጅ ነው። ክላሹ ትክክለኛ ክላሽ ነበር፣ ልጄ። ጥይቱም ሙሉ ነበር።

ፊልሙ የሳታቸው ነገሮችም አሉ። ምሽጉን ሲያጠቁ ባሕሩ በግራቸው ነው፤ የእውነቱ በቀኝ ነበር። ለጥቁሮች ነፃነት የታገለው የፍሬድሪክ ዳግላስ ሁለት ልጆች በዚያ ሬጅመንት እንደነበሩም አልተነሣም። ይህኛው ከባሕሩ ይልቅ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እንግሊዞች ያንኑ ኤንፊልድ ከኋላ በኩል ቆርጠው መክፈቻ ሠሩለት። እኛ ስናድር የምንለው እሱ ነው። ባሩዱም እርሳሱም በአንድ ቀለህ ሆኖ ከኋላ ይገባል። ሰው ተኝቶም ያጎርሰዋል፤ በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። በእኛ 1860 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1868፣ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ይዞት የመጣው ይህንን ነው። የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ የፊታውራሪ ገብርዬ ሰዎች ደግሞ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና ጦር ይዘው ከመቅደላ አጠገብ ወዳለው አሮጌ ወደሚባለው ሜዳ ወረዱ። በአፈሙዝ የሚያጎርስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀና ማለት አለበት። ተኝቶ ዘንግ መጠቅጠቅ ከባድ ነው። ያን ቀን በጥይት ናዳ መሃል ቀና እያሉ ሲያጎርሱ ይታየኛል። ገብርዬም እዚያው ወደቀ። ከእኛ መቶዎች አለቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው።

ስናድር የሚመስል ጠመንጃ ከየት እናመጣለን ብለህ ተጨንቀሃል። ፈልግ፣ ጥሩ ነው፣ ይገባዋል። እኔ የምለምንህ ግን አንድ የቴዎድሮስ ወታደር ከባሩዱ እስከ ተኩሱ ድረስ ሳትቆርጥ እንድታሳየኝ ነው። ፈጣን ቢሆን 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። 20 ሰከንድ ለፊልም ረጅም እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ጓደኞችህም አሳጥረው ይሉሃል። እሺ አትበላቸው።

ስክሪፕቱን ስትጨርስ ላክልኝ፣ አነበዋለሁ። እናትህ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች፤ የሚመጣ ሰው እንዳገኘን እንልካለን።

አባትህ