ከሰኔ 30 እስከ መስቀል፦ ለቱሪዝም ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለቱሪዝም ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የበጎ ፈቃድ መምህራን ሥራቸውን ሲጨርሱ አገር የሚያዩበት ጊዜ እንዲሰጣቸው ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። እኛ ትምህርት ቤት ከውጭ የሚመጡ የበጎ ፈቃድ መምህራን ይመደባሉ። አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት አብረውን ይሠራሉ። ስለ ማስተማራቸው የማነሳው ቅሬታ የለኝም። የእኔ ነገር ማስተማሩ ካለቀ በኋላ ያለው ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ይሰጥና ትምህርት ቤት ይዘጋል። የመኖሪያ ፈቃዳቸው የተሰጣቸው በሥራው ምክንያት ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ እሱም አብሮ ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ ፈተና ሲያርሙና የእንግሊዝኛ ክበብ ሲመሩ ከርመው፣ ገና "አሁን ደግሞ አገሩን ልይ" ሲሉ ሻንጣ ይሸከፋል።

አንዲት ባልደረባችን ሁለት ወር ብቻ ልቆይ ብላ ነበር። አንዱ ቢሮ ደብዳቤ አምጪ አላት። ደብዳቤውን ስትወስድ ሌላ ቢሮ ነው አሏት። እዚያ ስትሄድ ደግሞ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በመጨረሻ መላ ሲጠፋ ናይሮቢ በረረች። እዚያ ቁጭ ብላ በኦንላይን የቱሪስት ቪዛ አመለከተችና በቦሌ ተመልሳ ገባች። ልብ በሉልኝ፣ ከአገር የወጣችው ለመመለስ ነው! ናይሮቢ ለሆቴል፣ ለምግብና ለታክሲ የከፈለችው ገንዘብ አርባ ምንጭ ሊቀር ይችል ነበር።

ቪዛ የእናንተ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ግን እንግዳ ይብዛልን ብሎ የሚጠይቅ ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሌለ ወደ እናንተ መጣሁ። አዲስ ሕግ አውጡም አላልኩም። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 17 ድረስ ቁጠሩት፤ 82 ቀን ነው። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን 83። በኦንላይን የሚሰጠው የቱሪስት ቪዛ የ30 ቀንም የ90 ቀንም አለው። 90ው መስቀልን አክብሮ ይተርፋል። የምለምነው ይህንኑ ቪዛ፣ የቱሪስቱን ክፍያ ከፍለው፣ ከአገር ሳይወጡ እንዲያገኙት ነው። ከትምህርት ቤቱ ውላቸውን በአግባቡ ጨርሰዋል የሚል ደብዳቤ ይያዙ፣ በቃ።

"የ13 ወር ፀጋ" እያላችሁ ዓለምን ስትጋብዙ የኖራችሁት እናንተው ናችሁ። እነዚህ ልጆች ግን አሥራ ሦስተኛዋን ወር ሳያዩ ነው የሚሸኙት። ሐምሌ 19 ሀዋሳ ገብርኤል ከየአገሩ የሚጎርፈውን ሕዝብ አያዩም። ቡሄ ያመልጣቸዋል። አደይ አበባ የሚያውቁት ተማሪዎቻቸው ከሚስሉት ሥዕል ነው።

"በክረምት ማን ይጓዛል?" እንደምትሉኝ ይገባኛል። ሰሜን ተራሮች ሐምሌና ነሐሴ በጭጋግና በዝናብ ይሸፈናሉ። ዳናኪልም በዚያ ወቅት አይሞከርም፣ ሙቀቱ ነው። ደቡቡ ግን ሌላ ነው። የደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ጃንጥላ ሲዘረጋ ጂንካና ቱርሚ የሚሄድ ሰው ብዙ አይቸገርም። ኮንሶም እንዲሁ። የኮንሶ እርከን በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተከታትለው ተመዘገቡ። ጌዴኦ ለእኛ ጎረቤት ነው፤ ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ "ዲላ! ዲላ!" የሚለውን ረዳት መከተል ብቻ ነው። ባሌ ሐምሌ ላይ ብርዱ አይጣል ነው። ለዚህም ነው እስከ መስከረም ቢቆዩ የምለው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል የባሌውን ሳነቴ አምባ ወጥተው ቀይ ቀበሮ እንዲያዩ።

ደግሞ እነዚህ ተራ ቱሪስቶች አይደሉም። ያቺ ባልደረባችን ባጃጅ ስታስቆም መጀመሪያ የምትጠይቀው "ኮንትራት ነው ሰርቪስ?" ብላ ነው። የፈረንጅ ዋጋ ከተነገራት ትስቅና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ለመያዝ በማለዳ ትነሳለች። እዚህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ስትበላ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ዞር ብለው ያዩዋታል (እኔ እስካሁን ጥሬውን አልደፈርኩም)። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ የምትደውልለት ሰው አላት። የመንገዱን ሰላም የምትጠይቀው የተማሪዋን አጎት ነው። "ዛሬ አትምጪ፣ ነገ" ካላት ትቀራለች። በጥቅል ማስጠንቀቂያ ፈርቶ ከሚቀረውም፣ ምንም ሳይጠይቅ ከሚገባውም እሷ ትሻላለች።

ከበጎ ፈቃደኛ ምን ገንዘብ ይገኛል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሎጅ አይዙም። ፔንሲዮን ያድራሉ፣ ሽሮ ይበላሉ፣ የሰፈሩን ልጅ አስጎብኚ አድርገው ይቀጥራሉ። ብሩ በቀጥታ እጅ ላይ ይገባል። እናትና አባታቸውም ልጃቸውን ፍለጋ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ሎጁም ይያዛል።

አባቴን ያስተማሩት ፒስ ኮሮች፣ የአሜሪካ መንግሥት የሚልካቸው በጎ ፈቃደኞች፣ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሆነው በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ማስተማር ጀመሩ። ከእነሱ ውስጥ ሸምግለው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ተመልሰው የመጡ አሉ። ማንም ማስታወቂያ ሠርቶ አልጠራቸውም። አገሩን ስለሚያውቁት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል። እኛ ኢትዮጵያውያን መምህራንም ኮንሶን በመማሪያ መጽሐፍ ነው የምናውቀው። በደመወዛችን ጉዞ አይታሰብም። ከእነዚህ ልጆች ጋር የቤንዚን ሒሳብ ስንካፈል ግን እኛም እንወጣለን። እኔ ጌዴኦ ላይ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ያየሁት እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ከኢሚግሬሽን ጋር ተቀመጡና ተነጋገሩበት። ይቻላል ከተባለ የሚሞላውን ፎርም፣ ክፍያውንና የሚያስፈልገውን ደብዳቤ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለትምህርት ቢሮዎች ላኩልን። ሀዋሳ ላይ ማለቅ የሚችል ከሆነ ደግሞ እሰየው። አይቻልም ከተባለም በግልጽ ንገሩን። ብቻ መልሱ ከሚያዝያ በፊት ይድረሰን፤ የዘንድሮዎቹ የመመለሻ ትኬታቸውን የሚቆርጡት ያኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሀዋሳ መምህር