የባዮሎጂ ክበብ፦ ዘር ቆጠራ ከወይኗ ሐረግ ሥር

ክበባችን ጥቅምት ላይ ሲጀምር 31 አባላት ነበሩት፤ ሰኔ ላይ 14 ቀርተዋል። እነዚህን ያቆየቻቸው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው የወይን ሐረግ ናት። ታኅሣሥ ላይ በግንዷ ስንጥቅ ውስጥ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ተባዮች ታዩ። ጉንዳኖች ከአጠገባቸው አይጠፉም፤ ተባዮቹ የሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው የሚስባቸው። የግቢው ዘበኛ አመድ ይዘው ሲመጡ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ "ቆይ ጋሼ፣ ከየት እንደመጡ እንኳ ሳናውቅ?" አለቻቸው። የዓመቱ ሥራችን ከዚህች ጥያቄ ወጣ።

እኛ አገር ሰው ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ዘሩን ይቆጥራል፤ ለጋብቻማ እስከ ሰባት ቤት ነው። ሳይንቲስቶች የተባይን ዘር የሚቆጥሩት በዲኤንኤ ነው። ለምሳሌ ፊሎክሴራን አነሣን። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሰሜን አሜሪካ ፈረንሳይ ገብታ፣ ሥሩን እየመጠጠች የአውሮፓን ወይን ያደረቀች፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ተባይ ናት። ገበሬዎቹ የዳኑት የራሳቸውን ወይን ቅርንጫፍ እሷን በሚችለው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጣብቀው በማሳደግ ነው። ልጆቹን የገረማቸው ግን ሌላ ነው፤ በእርሻዎቹ በአብዛኛው ሴቷ ያለ ወንድ ትራባለች፣ ልጆቿም የእሷው ግልባጭ ናቸው። "አባት ከሌላት ሰባት ቤት በማን ይቆጠራል?" ብሎ አንዱ ክፍሉን አሳቀ።

መልሱን ከጣና ገዳማት ብራና ወሰድኩ። አንድ ጸሐፊ የሳታትን ፊደል ቀጣዩ ሳያርም ከገለበጣት፣ ስሕተቷን ተከትለን የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደተቀዳ እንደርስበታለን። ዲኤንኤም ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ይስታል፤ ስሕተቱ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚወርድ ዘሩ በእሱ ይቆጠራል። የተባይን ዘር መለየት ደግሞ የጉጉት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ ለብዙ ዓመታት የታመነው ኤኤክስአር1 የተባለ የወይን ሥር፣ በእሱ ላይ የሚመቸው የፊሎክሴራ ዘር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲስፋፋ ተሸንፎ ናፓና ሶኖማ ውስጥ ሰፊ የወይን እርሻ ተነቅሏል።

ከሁሉ የተወደደው አንዱ ዘር በዕጣ ብቻ ሌላውን እንዴት እንደሚያጠፋ ያየንበት የቦሎቄ ጨዋታ ነበር። ሁለት ኩባያ አስቀምጠን በጣና ደሴቶች ስም አንዱን ደቅ፣ ሌላውን ክብራን አልናቸው። በየደሴቱ አምስት ቀይና አምስት ነጭ ቦሎቄ ጨመርን። ዓይን ተጨፍኖ አንድ ይወጣል፣ ይመዘገባል፣ ይመለሳል፤ አሥር ጊዜ ሲሆን የተመዘገበው የሚቀጥለው ትውልድ ይሆናል። ማንም ሳይመርጥ፣ ማንም ሳያደላ፣ ክብራን በ11ኛው ትውልድ ቀይ ብቻ ሆነ። ነጭ ያወጣ የነበረው ልጅ "ተጭበርብሯል" ብሎ እንደገና አስጀመረን፤ በሁለተኛው ዙር ነጩ አሸነፈ! በሦስተኛው ዙር በየትውልዱ አንድ ቦሎቄ በታንኳ ከደሴት ወደ ደሴት እንዲሻገር አደረግን፤ ያኔ ሁለቱ ኩባያዎች ሳይራራቁ ቆዩ። በተበከለ ችግኝ ላይ ተሳፍሮ የሚሄድ ተባይም እንደዚያው እርሻን ከእርሻ ያዛምዳል። ይህን በሰሌዳ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ እንዲህ አልገባቸውም ነበር።

ዲኤንኤውን በዓይን እንይ ብለን ከሙዝ ለማውጣት የሞከርነው ግን መጀመሪያ ከሸፈ። ሙዙን በጨውና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሽተን፣ አጥልለን፣ ቀዝቃዛ አልኮል ማፍሰስ ነበረብን፤ አንድ ተማሪ ከቤቱ ያመጣው አረቄ ነበር። (እናቱ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።) አረቄ ለዚህ ይቀጥናል። ከቤተ ሙከራው ንጹሕ አልኮል ባገኘን ጊዜ ነጭ ክር መሰል ነገር ተንሳፈፈ፤ ጩኸቱ ርእሰ መምህሩን አስመጣ።

የወይኗንና ከአጥር ሥር ያለውን የዘይቱን ዛፍ ተባዮች በማጉያ መነጽር አስተያይተናል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ዘመድ መሆናቸውን ግን መነጽር አይናገርም። ከሁለቱም ወስደን በንጹሕ አልኮል ብልቃጥ ውስጥ፣ ቀንና ቦታ ጽፈን አስቀምጠናል። ለመስከረም የሚሆን ተባይ ወይኗ ላይ ይትረፍ አይትረፍ ከጋሼ ጋር ገና አልተስማማንም።