ብሩስ ስሎስን ለልጆቻችን በአማርኛ፦ የድጋፍ ጥሪ

ሜልቦርንና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በየቅዳሜው ልጆቻችንን አማርኛ ለማስተማር የተሰባሰብን ወላጆች ነን። ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው የመጣነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልግም። ገንዘቡ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም ነው። ታሪኩ የአንድ የድሮ ፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ተጫዋች ነው፤ ስሙ ብሩስ ስሎስ ይባላል።

«ደግሞ እሱ ማነው?» ማለታችሁ አይቀርም። እዚሁ ያደጉትን የሥራ ባልደረቦቻችሁን ብትጠይቋቸውም ብዙዎቹ አያውቁትም።

ስሎስ በ1889 እዚሁ ሜልቦርን፣ ማልቨርን ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ለኤሰንደን ክለብ ትንሽ ተጫወተ። በ1910 ሳውዝ ሜልቦርን ገባ። ሳውዝ ሜልቦርን ማለት ዛሬ ሲድኒ ስዋንስ የምንለው ክለብ ነው፤ በ1982 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሲድኒ ሄደ። የድሮ ሜዳው አልበርት ፓርክ ሐይቅ ዳር ነበር። አሁን ሌክሳይድ ስታዲየም ይባላል፤ የመሮጫ መምም ተሠርቶበታል። ሯጮቻችንን ልታዩ ሄዳችሁ ከሆነ፣ ስሎስ የተጫወተበትን ቦታ ሳታውቁ አይታችሁታል ማለት ነው።

በ1914 ሳውዝ ለፍጻሜ ደረሰ። ቀኑ ሴፕቴምበር 26 ነበር፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ ሁለት ወር አልሞላውም። ካርልተን 45 ለ39 አሸነፈ። ፉቲ ላይ ጎል ስድስት ነጥብ ነው፤ ኳሷ በጎን ባሉት አጫጭር ምሰሶዎች በኩል ከወጣች ግን አንድ ነጥብ ብቻ ናት። ሳውዝ አራት ጎል አግብቶ አሥራ አምስት ጊዜ አንድ አንድ ነጥብ ለቀመ። ካርልተን ስድስት ጎልና ዘጠኝ ነጥብ። በአንዲት ጎል ልዩነት ዋንጫ ሄደ። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ከጦርነቱ ይልቅ በዚህ ነው የሚናደዱት!

ከዚያ ስሎስ ዘመተ። በአንድ የመትረየስ ጦር ክፍል ውስጥ መኮንን ሆነ፤ ማዕረጉ ሌተናንት። ክፍለ ጦሩ ሦስተኛው የአውስትራሊያ ክፍለ ጦር ሲሆን አዛዡ ጆን ሞናሽ ነበር። ሞናሽ ፍሪዌይ ላይ ትራፊክ የያዛችሁ ሁሉ ስሙን ታውቁታላችሁ። እዚህ ሜልቦርን ግን ሊጉ ሰው አጣ። በ1916 የተጫወቱት አራት ክለቦች ብቻ ነበሩ። በነጥብ ሰንጠረዡ መጨረሻ የወጣው ፊትዝሮይ ነበር፤ ዋንጫውንም የወሰደው እሱ ነው። ቀልድ አይደለም፤ አራቱም ክለቦች ከሰንጠረዡ በኋላ ወደሚደረገው የዋንጫ ማጣሪያ አልፈው ስለነበር ነው።

የመጽሐፉ ልብ ግን ለንደን ላይ ነው። ክፍለ ጦሩ እንግሊዝ ውስጥ ሲሠለጥን ቆይቶ ወደ ፈረንሳይ ሊሻገር ሲል፣ ኦክቶበር 28 ቀን 1916 ኩዊንስ ክለብ ሜዳ ላይ የፉቲ ግጥሚያ ተዘጋጀ። ገቢው ለቀይ መስቀል ነበር። በአንድ በኩል ሦስተኛው ክፍለ ጦር፣ በሌላ በኩል እንግሊዝ የነበሩት የአውስትራሊያ ማሠልጠኛ ክፍሎች። የክፍለ ጦሩ አምበል ስሎስ ነበር። የኮሊንግዉዱ ዳን ሚኖግና የሪችመንዱ ሂዩ ጄምስ አብረውት ተሰለፉ። ክፍለ ጦሩ 52 ለ36 አሸነፈ። በወቅቱ ለሲኒማ ቤት ዜና ተቀርጿል። ከተመልካቾቹ አንዱ አልጋ ወራሹ ኤድዋርድ ነበር፤ ጃንሆይ በ1936 ተሰደው ለንደን ሲገቡ ዙፋኑ ላይ ያገኙት እሱን ነው።

በዚያው ቀን አውስትራሊያ ውስጥ ሕዝቡ ድምፅ እየሰጠ ነበር። ጥያቄው ወንዶች በግዳጅ ተመልምለው ባሕር ማዶ ይዝመቱ ወይ የሚል ነበር። በጠባብ ልዩነት እምቢ አሉ። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተጠየቁ፤ እንደገና እምቢ አሉ። ስለዚህ ስሎስም ሆነ አብረውት የተጫወቱት ወዶ ዘማች ነበሩ። አፈሳ ያየ ወላጅ ይህን ገጽ ዝም ብሎ አያልፈውም። እኛ ስናዘጋጀው ብዙ ያወራነው በዚህ ላይ ነው።

ስሎስ ጃንዋሪ 4 ቀን 1917 ፈረንሳይ፣ አርማንቲዬር ግንባር ላይ ተገደለ። ከግጥሚያው ሦስት ወር እንኳን አልሞላም። 28 ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። የተቀበረው እዚያው ሲቴ ቦንዣን መቃብር ነው። ሚኖግና ጄምስ በሕይወት ተመልሰው በ1920 እና በ1921 ከሪችመንድ ጋር ዋንጫ አነሱ። ሚኖግ በኮሊንግዉድ ፈንታ ሪችመንድን በመምረጡ የተነሳው ኩርፊያ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው፤ እሱን መጽሐፉ ላይ ታነቡታላችሁ።

አንዳንዶቻችሁ «የራሳችን ጀግኖች እያሉ የፈረንጅ ተጫዋች ታሪክ ምን ያደርግልናል?» ብላችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጆቹ ግን እዚህ ነው የሚያድጉት። ኤፕሪል 25 ሲደርስ ትምህርት ቤት ስለ አንዛክ (የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ዘማቾች መታሰቢያ) ይማራሉ፣ ማታ ቤት መጥተው ይጠይቁናል፤ እኛ ደግሞ «የበዓል ቀን ነው» ከማለት አናልፍም። ኮሊንግዉድና ኤሰንደን በዚያ ቀን ኤምሲጂ ስታዲየም ላይ ሲጫወቱ አብረን ቁጭ ብለን እናያለን፤ ለምን በዚያ ቀን እንደሚጫወቱ ግን ማስረዳት ያቅተናል። ልጅ በአማርኛ የሚያወራው የሚወደውን ነገር በአማርኛ ሲያገኝ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ የሚወዱት ፉቲ ነው፤ ምን ይደረግ።

የቃኘው ሻለቃንም አልረሳናቸውም። እነሱም አውስትራሊያውያኑም ኮርያ ውስጥ በአንድ የተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ተዋግተዋል። ሁለተኛዋ መጽሐፍ የእነሱ ናት። አያታችሁ ወይም አባታችሁ ኮርያ ዘምተው ከነበረና ፎቶ ካላችሁ፣ ከአሁኑ ፈልጋችሁ አስቀምጡልን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የምንፈልገው 4,800 ዶላር ነው። ትልቁ ወጪ የ300 ቅጂ ማሳተሚያ ነው። ከዚያ ሥዕሎቹን ለሚሠራልን ወጣት ይከፈላል፤ «ለኮሙኒቲ ነው» እያልን የሰው ላብ በነጻ መውሰድ ይብቃን። ቀሪው ለድሮ ፎቶዎች ለሕትመት የሚሆን ቅጂና ለድምፅ ቅጂው ነው። ድምፁ አማርኛ ማንበብ ገና ለሚለማመዱት ልጆችና ዓይናቸው ለደከመ አያቶች ታስቦ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀነው፣ ያረምነውም እኛው ስለሆንን ክፍያ የለውም።

ከአንድ ቤት 20 ዶላር ቢመጣ እንደሰታለን። አምስትም አሥርም ብትሆን እንቀበላለን። ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ ትንሽ ጠንከር በሉልን፤ ፉትስክሬይ ያላችሁ በተለይ። ቅዳሜ ትምህርት ሰዓት ላይ ለገንዘብ ያዣችን ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ለማንም እንዳትሰጡ፣ ለእኛም ቢሆን። ወጪና ገቢው በየወሩ መጀመሪያ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ስማችሁ መጽሐፉ ላይ እንዳይወጣ የምትፈልጉ ንገሩን፤ እናከብራለን።

ገንዘቡ ከጎደለ የድምፅ ቅጂውን እናቆየውና ቅጂ ቀንሰን እናሳትማለን። ከተረፈ ወደ ቃኘው መጽሐፍ ይዛወራል። ከአንዛክ ቀን በፊት ልጆቹ እጅ እንድትገባ ማተሚያ ቤት ቀደም ብለን መድረስ ስላለብን፣ መዋጮ የምንሰበስበው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው።