የማመልከቻ ድርሰት ድፍረት ይፈልጋል፤ ግን በልኩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክቱ ልጆች ረቂቅ ድርሰታቸውን ሲያሳዩን አብዛኞቹ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም የመሆን ሕልም ነበረኝ» ብለው ይጀምራሉ። ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ስሙ ቢፋቅ የማን እንደሆነ የማይለይ ጽሑፍ ከሁሉም የባሰ አደጋ አለው፤ አንባቢው ገጹን ሲዘጋ ይረሳዋል። ጎበዝ የሚባሉት ደግሞ ድፍረቱን ከቅርጽ ይፈልጉታል፤ በግጥም ይጽፋሉ፣ ሐሳባቸውን በቅኔ ይሸሽጋሉ። ሰምና ወርቁን የሚፈታላቸው ሰው እዚያ የለም።

ድፍረቱ በሚነገረው ጉዳይ ላይ ይዋል። እንበል፣ አንድ ልጅ በባቲ የሰኞ ገበያ በአፋር ግመል ሻጭና አማርኛ ብቻ በሚያውቅ ገዢ መሃል ሆኖ ያስተረጉማል። ሻጩ ተቆጥቶ የተናገረውን አለዝቦ አሳለፈው፤ ገበያው ሰመረ። ይህን መጻፍ ያስፈራል፣ አታላይ ሊያሰኝ ይችላልና። ስለዚህ ይለካ፦ ያለዘበው ቃል ራሱ ሳይቀየር ይቀመጥ፣ ጥፋቱ በ3 ዓረፍተ ነገር ይለቅ፣ ማመካኛ አይጨመርበት። ከግማሽ በላይ የሆነውን ቦታ ልጁ ከዚያ በኋላ ያሰበውና ያደረገው ይያዘው። ሲያልቅ ድርሰቱን ልጁን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ «ጸሐፊው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ «ውሸታም» ከሆነ ገና አልበሰለም፤ «ሰው እንዳይጣላ ይጨነቃል፣ እውነቱም ይከነክነዋል» ከተባለ ይላክ።

በ2014 በጦርነቱ ትምህርት መቋረጡ ይጻፍ፤ ግን ብዙ ኮሌጆች በሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ቅጽ ለእንዲህ ያለው ችግር የተለየ ቦታ አለ። ቀኑና የተዘጋበት ጊዜ እዚያ ይገባል። የድርሰቱን ቦታ ከወሰደው ልጁ ራሱ ይጠፋል።

በዚሁ ቅጽ ድርሰቱ ከ250 እስከ 650 ቃል ነው። ከአማርኛ የሚያዞሩ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «አልነገርኳቸውም» በእኛ አንድ ቃል ሲሆን በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል። በአማርኛ 400 ቃል የሞላው ረቂቅ ሲተረጎም ከ650 ሊያልፍ ይችላል፤ በመጨረሻው ሌሊት ሲቆርጡ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ያ የሚያስፈራው ዓረፍተ ነገር ነው። ቅጹ ሐምሌ 25 አካባቢ ይከፈታል፤ ቀድመው የሚያመለክቱ ብዙውን ጊዜ እስከ ጥቅምት 22 አካባቢ ይልካሉ። ለ3 ረቂቅ ክረምቱ ይበቃል።

ለሥራ ባልደረቦቼ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ያን ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ አትሰርዙት። ሰዋስዉን አርሙ፣ ፊደሉን አቅኑ፤ የሚያስደነግጣችሁን ቦታ ግን ከማውጣታችሁ በፊት ለምን እንደጻፈው ልጁን ጠይቁት።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር፣ ከደሴ